ከመወደዱ በፊት

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለ ማደያ መኪናዬን ጋዝ እየሞላሁ ነበር። ድሮ ፉል እስኪል ነው የምሞላው፤ አሁን ግማሽ ላይ አቆማለሁ። ነገ ይረክሳል ብዬ ይሁን ምን ብዬ እንጃ። ቁጥሩ ሲሮጥ ላለማየት ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆሜያለሁ። ስልኬ ጠራ። ልጄ ሊያ ናት። ጀርመንታውን ከጓደኛዋ ጋር አፓርትመንት ተጋርታ ነው የምትኖረው።

"ማሚ፣ እኔና ዞዪ ዲሳይድ አድርገናል። ሁለት መኪና ምን ያደርግልናል? የምንሠራው አንድ ሰፈር ነው። አንዱን ሸጠን በአንዱ እንሄዳለን።"

"የማን ነው የሚሸጠው?"

"የኔ። የኔ ቶሎ ይሸጣል።"

የፓምፑን እጀታ ወደ ቦታው መለስኩት። ግማሽም አልደረሰም ነበር። "መልሼ ልደውልልሽ" አልኳትና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ ቁጭ አልኩ።

ያቺን ነገር ሰምቻታለሁ። "ያንቺ ቶሎ ይሸጣል።" ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ኢራቅ ኩዌት የገባች ጊዜ ነው። ጦርነቱ እዚያ፣ ዋጋው እዚህ። ማደያው ሰሌዳ ላይ ቁጥር በረጅም ዘንግ የሚቀይረው ሰውዬ ሥራ በዝቶበት ነበር፤ ጠዋት ስሄድ አንድ ቁጥር፣ ስመለስ ሌላ። ጋዝ ደግሞ ብቻውን አይወደድም። ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ዘይቱን አስከትሎ ነው የሚሄደው። የሐበሻ ሱቁ ሰውዬ ምስር እየመዘነ "ጭነቱ ነው እህቴ፣ ጭነቱ" ይለኛል፣ ምስሩን እሱ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ያመጣው ይመስል። ያን ጊዜ ሐበሻ ከሐበሻ ሲገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ የሚመጣው ነገር አንድ ነው፤ "ከመወደዱ በፊት ግዙ።"

እኔ ግንቦት ላይ ነው ከኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩት፣ በኬሚስትሪ። ክረምቱን ሙሉ ሥራ ስፈልግ ቆይቼ፣ ልክ ጋዝ መወደድ ሲጀምር አሌክሳንድሪያ የመጠጥ ውሃ የሚመረምር ትንሽ ላብራቶሪ ቀጠረኝ፤ ላብ እንለዋለን። ነጭ ካፖርት ለብሶ ጠርሙስ መደርደር ነው ሥራው፤ ቢሆንም ስሜ ደረቴ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በፊት ስሜ ደረቴ ላይ የተጻፈው ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ነበር፣ እሱንም አጣመው ነው የጻፉት። ይሄኛውን አስተካክለው ጻፉልኝ። ለእናቴ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

ዘጠና ቀን የሙከራ ጊዜ አለው። "ሦስት ጊዜ ያረፈደ አይቀጥልም" አለችኝ አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን፣ ፈገግ ብላ። እነሱ ክፉ ነገር ሲናገሩ ፈገግ ይላሉ። ሥራ የሚገባው በፈረንጅ ስድስት ተኩል፣ ገና ሳይነጋ ነው። በመጀመሪያው ባቡር ሄጄ፣ መሃል ከተማ ቀይሬ፣ እዚያ ወርጄ አውቶቡስ ጠብቄ በምንም ተአምር አልደርስም። መኪና የግድ ነው።

መኪና ደግሞ ነበረችኝ። ሰማያዊ ኮሮላ። የኋላ የቀኝ በሯ ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ የኋላ መስተዋቷ ላይ የዩኒቨርሲቲያችን አርማ፣ ኤሊዋ፣ ተለጥፋባታለች። አራት ዓመት ቅዳሜና እሁድ ትኬት ቆርጬ የገዛኋት ናት። ጋዝ አትጠጣም፣ ታሸታለች ቢባል ይቀላል።

ገነትን ላስተዋውቃችሁ። ገኒ ነው የምላት። እዚህ አገር የገባነው በአንድ ክረምት ነው፤ ሃይስኩል ውስጥ እንግሊዝኛ ለማያውቁ ልጆች ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አስቀመጡን። በዚያ ብርድ አንድ ጥንድ ጓንት ነበረን። እሷ ቀኙን እኔ ግራውን አድርገን፣ ባዶውን እጃችንን ኪሳችን ከተን ነው አውቶቡስ የምንጠብቀው። ከዚያ በኋላ ያልተካፈልነው ነገር የለም። ስታገባ ሚዜዋ እኔ ነኝ፣ ሳገባ ሚዜዬ እሷ ናት። ይሄ ተነጋግረን ሳይሆን እንዲሁ የታወቀ ነገር ነበር።

የምትሠራው አሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ ነው፣ እንግዳ መቀበያው ላይ። የምትነዳው ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የገዛችውን ትልቅ ኦልድስሞቢል ነው። "ዝሆኑ" እንለዋለን። ዝሆኑ ሲነሣ የጋዝ መለኪያው ወደ ታች ሲሄድ በዓይን ይታያል።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ እትዬ አስካለ ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ከምድር በታች ያለውን ክፍል፣ ተከራይተን ነው። እትዬ አስካለ ነርሲንግ ሆም፣ ሽማግሌዎች መጦሪያ፣ የሚሠሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጾም የማያልፋቸው ሴት ናቸው። ከላይ ሲራመዱ ከእርምጃቸው ደስ እንዳላቸው ወይ እንደከፋቸው እናውቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ልናገር፣ ኋላ ስለሚመጣ። በዚያው ዓመት ፋሲካ፣ በልትስቪል የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተጠርተን ነበር። አንድ ደህና ሰው ገኒ አጠገብ ተቀምጦ ዕድሜዋን ጠየቃት። ሃያ ሁለት አለች። እኔ እየሳቅሁ፣ "ገኒ፣ እሱ እኮ የወረቀቱ ነው! ከኔ በሦስት ዓመት አይደል የምትበልጪው?" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየውም ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ደውሎላት አያውቅም። አልቅሼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። "ተይው በቃ፣ ረስቼዋለሁ" አለችኝ። እኔ ረሳሁ ካልኩ ረስቻለሁ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው። ገኒ ዝሆኑን ሞልታ መጣችና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"እንዲህ አንቀጥልም። ሁለት ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ መንገድ፣ ሁለት መኪና! እብዶች ነን እንዴ?"

"ዝሆኑን እንሽጠዋ" አልኳት።

"በዚህ ሰዓት ዝሆን የሚገዛ ማን አለ? ማደያ ሲያይ የሚያለቅስ መኪና! ያንቺ ቶሎ ይሸጣል። በአንድ ቀን። ሥራ ቦታ አንድ ልጅ የሚያውቀው ሰው አለ፣ ትንሽ መኪና ይፈልጋል። እኔ በየቀኑ አሌክሳንድሪያ እሄድ የለ? ላብሽ በር ላይ አወርድሻለሁ።"

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ጋዝ በተወደደበት ጊዜ ጋዝ የማትጠጣዋን ሸጦ የሚጠጣውን ማስቀረት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ! ግን እኔ ነገር ሲጓተት አልወድም። ዛሬ የተወሰነው ዛሬ ይለቅ ነው። በዚያ ላይ ያለችው ውሸት አልነበረም፤ ዝሆንን የሚገዛ በእውነት አልነበረም።

እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ ቆመው ሰሙን። "ልጄ፣ ሴት ልጅ እግሯን አትሸጥም" አሉኝ።

"እትዬ፣ ገኒ እኮ ናት የምታደርሰኝ።"

"እሱማ አዎ" አሉና ገኒን አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጡ። ያን አስተያየት ያኔ ልብ አላልኩትም።

የመኪናዋን ወረቀት ሻጭ በሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ። ገዢ የሚለውን ባዶውን ተውኩት፤ ገኒ እዚያ ታስሞላዋለች። በኛ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ጠዋት በኔ መኪና ሄዳ፣ ማታ ሥራ ቦታዋ ያለ ሰው ይዟት መጣ። ብሩን በፖስታ ሰጠችኝ። ገዢውን አላየሁትም፣ ስሙንም አልጠየቅሁም። ኤሊዋን ለመላጥ እንኳን ጊዜ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን በሙሉ ተቀየረ። እሁድ እሁድ ቤት ለቤት መዞር ቀረ። ናፍቆት በስልክ ሆነ። ማሞቂያውን ዝቅ አድርገን ቤት ውስጥ ጋቢ ለብሰን ቴሌቪዥን እናያለን። ዝሆኑን ደግሞ ገኒ እንደ በሽተኛ ነው የምትነዳው፤ ዳገት ሲያልቅ እግሯን ከጋዙ አንሥታ ቁልቁለቱን እንዲሁ ታንሸራትተዋለች፣ ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈናል፣ እኛ እንስቃለን።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣች። "ጽጌን እንጹም።"

"የምንን ጽጌ?" ጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ እናቴ እንኳን አትጾመውም። መነኮሳትና እንደ እትዬ አስካለ ያሉ ናቸው የሚይዙት። እኔ ደግሞ ሥጋ ወዳጅ ነኝ፤ ዓርብን እንኳን የማከብረው ሰው ካየኝ ነው።

"ስሚ፣ ሥጋውም እንቁላሉም ቅቤውም ሰማይ ነክቷል። አርባ ቀን በሽሮና በምስር ብናልፍ ምን እንሆናለን? ነፍሳችንም ትጠቀማለች፣ ኪሳችንም። ሲወጣ ደግሞ ዶሮ ሠርተን አብረን እንፈታለን።"

"አብረን" የምትለዋ ናት የያዘችኝ። ጾምኩ። ጎበዝ ጿሚ ወጣኝ። ላብ ውስጥ ፈረንጆቹ ዶናት ሲያዞሩ እጄን ኪሴ ከትቼ "ፋስቲንግ ላይ ነኝ" እላለሁ። አለቃዬ "ለጤና ነው?" ትለኛለች። "ለጋዝ ነው" ብላት ምን ይገባታል?

ሽንኩርቱም አለ። አንድ ቅዳሜ ገኒና እትዬ አስካለ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት፣ ትልቅ ቆርቆሮ ዘይት፣ የማላውቀውን ያህል በርበሬ ይዘው ገቡ። "ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" ስል፣ ገኒ "ከመወደዱ በፊት ነዋ!" አለች። እትዬ አስካለ ደግሞ "የማኅበር ተራዬ ደርሷል፣ ግማሹ ለሱ ነው" አሉ። ከላይ ኩሽናቸው ገብቼ አብሬያቸው ላጥኩ፣ ከተፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ። ላብ ገብቼ ጓንት ስለብስ እጄ ለራሴ ይሸተኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቅቤ የማንጠር ሽታ ወደ ቤዝመንቱ ወረደ፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሳይቀር። በጾም! ሆዴ ጮኸ። "እትዬ ይሄንንስ ምን ይሉታል?" ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ። "ሲወጣ ነው ልጄ፣ ሲወጣ!" አሉኝ።

እንደዚያም ሆኖ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ያ መኸር በሕይወቴ ከነበሩት ጥሩ ወራት አንዱ ነው። ጨለማ እያለ እንነሣለን፣ ሻይ በቴርሞስ እንይዛለን። ቤልትዌዩ፣ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ላይ ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚታየው ልክ ሲነጋጋ ነው። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ ለመርከብ የሚከፈትባቸው ቀኖች አሉ። መንገዱ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ወደ ሰማይ ይነሣል፣ መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። ሰው ይበሳጫል። እኛ ሞተር አጥፍተን ሻያችንን እንቀዳለን። አንዴ በዚህ ምክንያት አረፈድኩ። አንድ ተባለልኝ። ሌላ ቀን ገኒ ስልክ ላይ ቆይታ አረፈድን። ሁለት ተባለልኝ። "የምን ስልክ ነው በዚህ ጠዋት?" ስላት "ከሥራ ነው" አለችኝ።

በዚያ መንገድ ላይ ያልነገርኳት ነገር የለም። ላብ ውስጥ ዓይኑን የጣለብኝን ልጅ፣ ከእናቴ የመጣውን ደብዳቤ፣ ሙከራው ሲያልቅ የራሴን ክፍል እከራያለሁ ብዬ የማስበውን፣ ሁሉን። እሷ ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ ትጠይቃለች። ስለራሷ ግን ምንም ትናገር እንዳልነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። የሚናገር ሰው ዝም ያለውን አያስተውለውም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከመቀመጫው ሥር በፎይል የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ጥብስ። ሮዝመሪው፣ ቃሪያው፣ ሁሉ ነገሩ። "ገኒ!"

"ምን?"

"ሥጋ ነው እኮ!"

"የሥራ ጓደኛዬ ነው፣ ትላንት አድርሼው ረስቶት ወረደ። አስቀምጪው፣ አትነካኪው፣ ጾም ነሽ።"

አስቀመጥኩት። አልነካሁትም። ጣቴን እንኳን አልላስኩም። ይሄንን ሳስታውስ ከመኪናው ይበልጥ ያናድደኛል።

ጽጌ የወጣው ረቡዕ ነው። ሐሙስ ማታ ዶሮ ሠርተን አብረን ልንፈታ ተነጋግረናል። ዘጠናው ቀኔ ሊሞላ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ረቡዕ ከሰዓት ገኒ ላቡ ድረስ ኮል አድርጋ፣ "ደብል ሺፍት ሰጥተውኛል፣ እዚሁ አድራለሁ። ዛሬ በባቡር ግቢ፣ ነገ ጠዋት መጥቼ አነሣሻለሁ" አለችኝ። ካደረችበት አሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታ እኔን መልሳ አሌክሳንድሪያ ልታደርሰኝ። ይሄም አልገረመኝም። ገኒ ካለች አለች ነው።

ሐሙስ ጠዋት በፈረንጅ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በር ላይ ቆምኩ። ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። አምስት አርባ አምስት። ስድስት ሰዓት። መብራት ባየሁ ቁጥር ወደ መንገዱ እወጣለሁ፤ ጋዜጣ የሚያድለው ሰውዬ ነው፣ ጎረቤት ነው። ገብቼ ሆቴሉ ደወልኩ።

"ገነትን ፈልጌ ነበር።"

"ገነት በዕረፍት ላይ ናት" አለችኝ ልጅቷ። "ሳምንቱን በሙሉ። ኢሜርጀንሲ ነው እንዴ?"

"አይ" አልኩ። "አይደለም።"

ባቡር ተሳፈርኩ። መሃል ከተማ ቀየርኩ። አሌክሳንድሪያ ስወርድ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፤ አውቶቡሱ የለም። በእግሬ ሄድኩ፣ በሩጫና በእርምጃ መሃል። አሁንም ለገኒ ሰበብ እየፈለግሁላት ነበር። ታማ ይሆናል እያልኩ፣ ልታስደነግጠኝ አልፈለገች ይሆናል እያልኩ።

ጣቢያውን አልፎ ያለው አፓርትመንት ፓርኪንግ ውስጥ ኤሊዋን አየኋት። ሰማያዊ መኪና፣ የኋላ መስተዋት፣ ኤሊ። አንድ ረጅም ሐበሻ ወንድ የፊቱን መስተዋት በረዶ ይፍቃል። የኋላ የቀኝ በሯን አንዲት ሴት ከውጭ ከፍታ የሠርግ ልብስ መያዣ የመሰለ ረጅም ላስቲክ ታስገባለች። በሩ ከውጭ ብቻ እንደሚከፈት ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

"ገኒ።"

ዞር አለች። መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን አይደለም፣ እጇን ነው። እንሶስላ ሞቃለች። አሥሩም ጣቷ እሳት መስሏል።

"መቼ ነው?" አልኳት።

"ቅዳሜ።"

"የትኛው ቅዳሜ?"

"ከነገ ወዲያ" አለች። ጽጌ ወጥቶ፣ የገና ጾም ሳይገባ። እንደሱ ነው የሚቆረጠው፤ እኔም አውቀዋለሁ፣ ማንም ያውቀዋል።

ሰውየው መፋቂያውን ይዞ ፈገግ ብሎ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬም ጨዋ ነው። "አንቺ ነሽ አይደል? ኤሊዋን ባየን ቁጥር እናነሣሻለን። ስለ መኪናዋ በአካል አላመሰገንኩሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ገኒ ነግራኛለች፣ ለኛ ብለሽ እግርሽን ነው የሰጠሽን።"

"ለናንተ ብዬ?"

"ለሠርጉ ብለሽ" አለና የገኒን ፊት አይቶ መፋቂያውን ዝቅ አደረገ።

ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ እሱ ወደ በሩ ሄደ።

"ነገር ሳያልቅ አይወራም፣ አንቺም ታውቂያለሽ" አለችኝ። "ሰው ያያል፣ ሰው ያወራል።"

"ለኔም?"

"በተለይ ላንቺ።" ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "በልትስቪልን ረስተሽዋል አይደል? እኔ አልረሳሁትም። ላንቺ የተነገረ ነገር ጀርመንታውን ሳይደርስ አያድርም። ክፉ ስለሆንሽ አይደለም፣ አፍሽ አይያዝልሽም። አንዴ ዕድሌ አልፎኛል። ሁለተኛ እንዲያልፈኝ አልፈለግሁም። እሁድ ልነግርሽ ነበር።"

"ሚዜሽ ማን ናት?"

ላስቲኩን ወደ ውስጥ ገፍታ በሩን ዘጋችው።

"ገኒ፣ ማን ናት?"

"የሱ እህት።"

እዚያ ላይ ነው ሁሉም የገባኝ። ጾሙስ? ቀሚሱ እንዲበቃት ነው። ጥብሱ? የሱ ነው። ሽንኩርቱ? በርበሬው፣ ቅቤው? ከመወደዱ በፊት የተባለው ሁሉ? እኔ ሁለት ሆነን ክፉ ቀን እየተሻገርን ነው ብዬ ስጾም፣ በጋቢ ስጠቀለል፣ ቁልቁለት ስንሸራተት፣ እሷ ድግስ እየደገሰች ነበር። የሠርጓን ሽንኩርት ልጬ ሠርጓን አላወቅሁም።

"ትላንት ደውለሽ፣ ነገ መጥቼ አነሣሻለሁ ብለሽኝ ነበር።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ያ ቀይ ጣቷ። እውነት ለመናገር ያኔ ነው ትዝ ያላት። "ውይ በሞትኩት! ሐሙስ መሆኑ ጠፋብኝ። እንሶስላውን ስንሞቅ አመሸን… ነይ፣ ግቢ፣ አሁኑኑ ላድርስሽ።"

"በማን መኪና?" አልኳትና ሄድኩ።

ሦስት ተባለልኝ። አለቃዬ ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ። ካፖርቱን መለስኩ። ከደረቱ ያወለቅኩትን የስም ባጅ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ "ይሄ ስሜ ነው" ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እትዬ አስካለ ድስት እያጠቡ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ድስት እንዳለ አላውቅም ነበር።

"እትዬ፣ ማኅበሩ መቼ ነው?"

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ድስቱን ማሸት ቀጠሉ። "አደራ ጥላብኝ ነው፣ ልጄ። የሰው ምሥጢር ነው።"

"እኔስ? እኔ የማን አደራ ነኝ?"

"እግርሽን አትሽጪ ብዬሻለሁ" አሉኝ፣ አሁንም ሳይዞሩ። "ከዚያ በላይ ማለት አልቻልኩም።"

ሠርጉ ላይ አልሄድኩም። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ። እሁድ ጠዋት በሬን ስከፍት እትዬ አስካለ በሰሃን ከድነው ትተውልኝ ሄደዋል፤ ዶሮ ከነእንቁላሉ። አልነካውም ብዬ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞም አልነካሁትም። ማክሰኞ፣ የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሥራ የለኝም፣ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር የለም። ዶሮ እንዴት እንደተወደደ ደግሞ አውቃለሁ። ፍሪጁን እንደከፈትኩ፣ እዚያው ቆሜ፣ ቀዝቃዛውን በላሁት። ጾሜን የፈታሁት በሱ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ በስሏል፣ ጣፋጭ ነበር። ይሄም አናደደኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አገኘሁ፣ ሌላ መኪና ገዛሁ፣ አገባሁ፣ ሊያን ወለድኩ። ጋዙም ረከሰ። ከዚያ ተወደደ፤ ከዚያ ረከሰ። ገኒ አሁንም አሌክሳንድሪያ ናት። ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፤ ሦስት ጊዜ እንሳሳማለን፣ ልጆች ደህና ናቸው እንባባላለን። አንዴ አንድ ቀብር ላይ፣ አጠገቤ ቆማ፣ ወደ መሬት እያየች፣ "ያኔ ብነግርሽ ኖሮ ትሸጪልኝ ነበር?" አለችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ። ቄሱ እየጸለዩ ስለነበር አልመለስኩላትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ያዝኩ።

ብትነግሪኝ ኖሮ አልሸጥልሽም ነበር፣ ገኒ። በነጻ ነበር የምሰጥሽ። ኤሊዋ ላይ አበባ አስሬ፣ እኔው ራሴ ነድቼ፣ ሙሽሮቹን ከኋላ ጭኜ። ይሄንን ደግሞ አንቺ ታውቂው ነበር፤ ስለምታውቂው አይደል ለባልሽ እንደዚያ ብለሽ የነገርሽው? እኔን ሳትጠይቂ ደግነቴን ወስደሽ ለሱ ሰጠሽው። መኪናዋንስ በብር ነው የገዛችሁኝ።

ጥሩምባ የነፋብኝን ሰውዬ ይቅርታ ብዬ ወደ ጥግ ወጣሁና ሊያ ጋር መልሼ ደወልኩ።

"ማሚ፣ ምን ሆነሽ ነው? አር ዩ ኦኬ?"

"ደህና ነኝ። ከፈለግሽ ሽጪው። ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ወረቀቱ ላይ የገዢውን ስም አንቺ ራስሽ ጻፊ፣ በእጅሽ፣ ፊቱን እያየሽ።"

ሳቀች። "ኦብቪየስሊ! ማሚ፣ ስም ሳይጽፍ መኪና የሚሸጥ ማን አለ?"

ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ቀና ብዬ አየሁት። አሁን ዘንግ የያዘ ሰው አያስፈልገውም፣ ብቻውን ነው የሚቀየረው።

"ጓደኛ ያለው ሰው" አልኳት።